በአነስተኛ በጀት የቱርቦ መኪና ጉልበት መጨመር፦ ምን ይቅደም፣ ምን ይቅር?

ቱርቦ ያለው መኪና ላይ ጉልበት መጨመር ቀላል ነው። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ፊልትሮና ማርሚታ ብትቀይሩ፣ ኮምፒውተሩን ብታስነኩ የሚገኘው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሞተሩ የሚስበው የከባቢ አየር ግፊት የፈቀደለትን ያህል ብቻ ነዋ። ቱርቦ ግን በሚወጣው ጭስ ኃይል እየዞረ አየሩን ጨምቆ ያስገባል። ግፊቱ ትንሽ ከፍ ሲል፣ ነዳጁም በዚያው ልክ ሲጨመር፣ መኪናው ወዲያው ሌላ ይሆናል።

ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ቅለት ነው። ብዙ ሰው በጀቱን በሚታይና በሚሰማ ነገር ላይ ይጨርሰዋል፤ የሚያብረቀርቅ ቱቦ፣ የሚጮህ ማርሚታ፣ እግር ከነዳጅ ሲነሳ «ፒሽሽ» የሚል ቫልቭ። ከዚያ ፍሪሲዮኑ እጅ ሲሰጥ ለጥገና የተረፈ ሳንቲም የለም። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህን ብጨምር ቀጥሎ የሚሸነፈው የቱ ክፍል ነው?» ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ከዚህ ጥያቄ የወጣ ነው። የምናወራው በዋናነት ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ ስለወጣ የቤንዚን መኪና ነው። ስለ ናፍጣ በኋላ ጥቂት እላለሁ።

ደረጃ 1፦ ገንዘቡን ቀድማችሁ ከፋፍሉት

ያላችሁን ገንዘብ አስቀምጡና ከላዩ ሩቡን አንሱ። ይህ አይነካም፤ ለብልሽት ነው። መኪናው ብቸኛ መመላለሻችሁ ከሆነ ግማሹን አንሱ እላለሁ። ከቀረው ላይ ለምርመራ፣ ለጥገና፣ ለፍሬንና ለጎማ የሚሆነውን ቀንሱ። ጉልበት የሚጨምር ነገር የሚገዛው በመጨረሻ በተረፈው ነው።

«ታዲያ ምን ቀረኝ?» ትሉ ይሆናል። ግድ የለም፤ በቱርቦ መኪና ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ነገር ሶፍትዌር (ሪማፕ የሚባለው፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም መቀየር) ስለሆነ የዕቃ ጋጋታ አይፈልግም። መኪናው ገና ዋስትና ላይ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ አስቡ። አምራቾች የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ተነካክቶ እንደሆነ የሚያዩበት መንገድ አላቸው። ለኢንሹራንስም ማሳወቅ ያስፈልግ እንደሆነ ውላችሁን አንብቡ።

ደረጃ 2፦ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ

አሰልቺው ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያድነውም ይኸው ነው። ብዙ ያገለገለ መኪና ከፋብሪካ የወጣበትን ጉልበት አይሰጥም። የጠፋውን መመለስ ብቻውን እንደ ማሻሻያ ይቆጠራል፤ ከዚህ የረከሰ የፈረስ ጉልበትም የለም።

መጀመሪያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቁ) አስለኩ። የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወልቀው፣ ነዳጅና እሳት ተቋርጦ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ነው። ቁጥሩ ራሱ እንደ ሞተሩ ይለያያል። ትኩረት የሚያስፈልገው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ላይ ነው። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ከተራራቁ የፋሻ፣ የቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ችግር አለ ማለት ነው። እዚያ ላይ ማሻሻያው ይቆማል። ገንዘቡ ወደ ጥገና ይዞራል፤ ያናድዳል ግን አማራጭ የለውም።

ቀጥሎ የአየር ማፍሰስ አለ። ይህን ራሳችሁ ልትሠሩት ስለምትችሉ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ከቱርቦው እስከ ሞተሩ መግቢያ ድረስ ያለው መንገድ መገጣጠሚያ ይበዛዋል፤ የላስቲክ ቱቦዎች አሉ፣ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር አለ፣ ቀጫጭን የቫኩም ቱቦዎች አሉ። ላስቲክ በሙቀትና በዘይት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። ግፊት ሲገባበት ግን አፉን ይከፍታል።

ለመፈተሽ ሞተሩን አጥፉና ይቀዝቅዝ። ወደ ቱርቦው የሚገባውን የአየር ቱቦ ከፊልትሮው በኩል ፍቱት። አፉ ላይ በልኩ የሚገባ ክብ መድፈኛ አስገቡና በማሰሪያ አጥብቁት። መድፈኛው የጎማ መንፊያ ቫልቭ የተገጠመለት መሆን አለበት፤ በዚያ በኩል ነው አየር የምትሰጡት። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ላላ አድርጉት፤ አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ገብቶ የዘይት ጎሚኒዎችን እንዳይገፋ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ንፉ። ለመጀመሪያ 0.5 ባር ይበቃል፤ መኪናው በወትሮው ከሚሠራበት ግፊት በፍጹም አትለፉ። አሁን የሳሙና ውኃ በብሩሽ እየቀባችሁ በየመገጣጠሚያው ሂዱ። አረፋ የሚያስነሳው ቦታ ማፍሰሻው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከኢንተርኩለሩ ጫፍና ከቱቦዎቹ ማጠፊያ ስር ነው፤ እጅም ዓይንም በማይደርስበት።

ማፍሰሻ ያለበት መኪና ላይ ሪማፕ ማሠራት ቱርቦውን በሁለት በኩል መጫን ነው። የተጠየቀውን ግፊት ለማምጣት ከሚገባው በላይ ይሽከረከራል፤ የጨመቀው አየር ግማሹ ደግሞ ውጭ ይቀራል። የገባውን አየር ከቱርቦው በፊት በሚለካ ሴንሰር የሚሠራ ሞተር ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲሊንደር ላልደረሰ አየር ነዳጅ ያዘጋጃል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ይቆሽሻል።

ቱቦው እንደተፈታ ቱርቦውንም እዩት። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል፤ ትንንሾቹ ከ200,000 ያልፋሉ። በብዙዎቹ ላይ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። በጣታችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ወደ ጎን ትንሽ መወላወል ጤነኛ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ወይም ምላጮቹ ቤቱን የነኩበት ጭረት ካለ፣ ያ ቱርቦ ዕድሜው አልቋል። ቱቦው ውስጥ ትንሽ የዘይት ወዝ ቢኖር አትደንግጡ። የተጠራቀመ ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው።

ዘይት ላይ አትሰስቱ። አምራቹ ያዘዘውን ዓይነት ግዙ፣ የመቀየሪያውን ጊዜ ግን አሳጥሩ። መጽሐፉ 15,000 ኪሎ ሜትር ቢልም ጉልበት ለጨመረ መኪና እኔ ከ7,000 ባያልፍ እላለሁ። ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ዘመናዊ ሞተር ከሆነ በ2020 የወጣውን የኤፒአይ ኤስፒ ደረጃ ያሟላ ዘይት ፈልጉ። እነዚህ ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር ብዙ ሲጫኑ ድብልቁ ከካንዴላው እሳት በፊት የሚቀጣጠልበት አደገኛ ጠባይ አላቸው፤ ደረጃው ይህንንም ይፈትሻል። በኃይል ከነዳችሁ በኋላ ደግሞ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ረጋ ብላችሁ ንዱ፤ አለበለዚያ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት አርሮ ከሰል ይሆናል።

ካንዴላና ቦቢና ርካሽ ናቸው፣ ግን ሪማፕ በተሠራ ማግስት መጀመሪያ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው። ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት በጨመረ ቁጥር እሳቱ የካንዴላውን ክፍተት መዝለል ይከብደዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ስትረግጡ መኪናው መሄዱን ትቶ ይንገጫገጫል። መድኃኒቱ አዲስ ካንዴላ፣ ክፍተቱም ጠበብ ያለ። ብዙ ሰው ወደ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል፤ ለእናንተ ሞተር የሚስማማውን ሪማፕ የሚሠራላችሁን ሰው ጠይቁ። ስታስተካክሉ የጎኑን እግር ብቻ እጠፉ። የኢሪዲየም ካንዴላ የመሀል ጫፍ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። አስመስለው የተሠሩ ካንዴላዎች ገበያው ላይ ሞልተዋል፤ ዋጋው ከሌላው በጣም ከቀነሰ ተጠራጠሩ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭ ሞተር ላይ የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ ቤንዚን የለም። ስለዚህ ጥቀርሻ ይጋገርባቸዋል። መኪናው ብዙ ከተነዳና ጠፍቶ አድሮ ጠዋት ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቫልቮቹን ማስጠረግ ያዋጣል። ጥሩ ጋራዦች የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት እየረጩ ያነሱታል።

ደረጃ 3፦ መኪናው የሚላችሁን አንብቡ

ጉልበት ከሚጨምሩ ዕቃዎች ሁሉ በፊት የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር መረጃ የሚያነብ መሣሪያ) ግዙ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ የቤንዚን መኪኖች ላይ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ይህ መሰኪያ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ መኪናችሁ ላይ የመኖር ዕድሉ ሰፊ ነው። ርካሹ ማንበቢያ በስልክ ይሠራል፤ ዝርዝሩን በፍጥነት ለመመዝገብ ግን ለመኪናችሁ ዓይነት የተዘጋጀ ቢሆን ይሻላል።

ከዚያ አንድ ሙከራ ትመዘግባላችሁ። መኪና በማይመላለስበት የተፈቀደ ቦታ ወይም ዳይኖ (የመኪናን ጉልበት የሚለካ ማሽን) ላይ፣ በ3ኛ ማርሽ፣ ከ2,500 ዙር እስከ 6,000 አካባቢ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ። ስልኩን ሌላ ሰው ይያዘው። የምትመለከቷቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊት፣ በትክክል የመጣው ግፊት፣ የመግቢያ አየር ሙቀት፣ የነዳጅ ግፊት፣ እና በየሲሊንደሩ የእሳት ሰዓት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ምን ያህል ወደ ኋላ እንደተመለሰ።

እንዴት ይነበባል? የተጠየቀው 1.0 ባር ሆኖ የመጣው 0.8 ብቻ ነው እንበል። የዌስትጌቱ (ጭሱን ከቱርቦው ጎን እያሳለፈ ግፊቱን የሚገድበው በር) ትእዛዝ ደግሞ 95 በመቶ ላይ ተጣብቋል። ኮምፒውተሩ ያለውን ሁሉ ሞክሮ አልተሳካለትም ማለት ነው። ወይ አየር ያፈሳል፣ ወይ ዌስትጌቱ በደንብ አይዘጋም፣ ወይ ቱርቦው ደክሟል። እዚህ መኪና ላይ ሪማፕ ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው።

የእሳት ሰዓቱ ደግሞ ስለ ኖክ ይነግራችኋል። ኖክ ማለት ካንዴላው ያስነሳው እሳት ሳይደርስበት የቀረው ድብልቅ በሙቀትና በግፊት በራሱ ሲፈነዳ ነው። ፒስተንና ፋሻ የሚሰብረው ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ኖክ ሲሰማ የእሳቱን ሰዓት ያዘገያል። አልፎ አልፎ በአንዱ ሲሊንደር ላይ 1 ወይም 2 ዲግሪ ቢያዘገይ ብዙ አያስጨንቅም። በሁሉም ላይ፣ በየሙከራው 5 እና 6 ዲግሪ የሚያዘገይ ከሆነ ግን ሞተሩ ምንም ሳይነካ ገና ድሮ ጫፉ ላይ ደርሷል። መጀመሪያ ነዳጁን፣ ሙቀቱንና ጥቀርሻውን ተመልከቱ።

ከፍታ ቦታ የምትነዱ ከሆነ ግፊትን የምታዩበት ዓይን ይለያል። ባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር 1 ባር ገደማ ነው፤ ቱርቦው 1 ባር ሲጨምርበት ሞተሩ 2 ባር ያገኛል፣ ማለትም አየሩ 2 እጥፍ ተጨምቋል። 2,400 ሜትር ላይ የከባቢ አየር ወደ 0.76 ባር ይወርዳል። ያንኑ 2 ባር ለማግኘት አየሩን 2.6 ጊዜ ገደማ መጨመቅ ያስፈልጋል። ቱርቦው በጣም ይፈጥናል፣ አየሩም በጣም ይሞቃል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተሞክሮ «ይሄ ፋይል ምርጥ ነው» የተባለ ሪማፕ ከፍታ ላይ ትንሿን ቱርቦ ሊገድላት ይችላል።

ደረጃ 4፦ ፍሬንና ጎማ

አጭር ነው። መኪናው የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መኪና 100 ላይ ካለው 44 በመቶ የበለጠ ኃይል ይዟል። ያንን ሁሉ ወደ ሙቀት የሚቀይረው ፍሬኑ ነው። ትልልቅ ዲስክና ካሊፐር መግዛት አይጠበቅባችሁም። የተሻለ የፍሬን ሸራና አዲስ የፍሬን ዘይት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ዶት 4 ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲስብ ግን ዝቅተኛው ወደ 155 ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ጎማ ደግሞ ፊት እግሩ በሚነዳ መኪና ላይ ሁሉንም ነገር ይወስናል። ያለቀ ጎማ ላይ 40 ፈረስ ጉልበት ብትጨምሩ የምታገኙት ጭስና ጩኸት ነው።

ደረጃ 5፦ ነዳጁን ወስኑ

ሪማፕ ስታሠሩ ሁልጊዜ በምታገኙት ነዳጅ ይሁን፤ «ሲገኝ እቀዳለሁ» በምትሉት አይሁን። ኦክቴን ነዳጁ ኖክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩን ስታነጻጽሩ ግን ተጠንቀቁ፤ በብዙ አገር ማደያው ላይ የሚጻፈው ሮን የሚባለው ሲሆን በሰሜን አሜሪካ የሁለት መለኪያዎች አማካይ ነው። እዚያ 91 የሚባለው በሮን ወደ 95 ይጠጋል። ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን የሌላ ሰው ፋይል ሳታጣሩ ጭናችሁ ችግር ውስጥ የምትገቡትም አንዱ በዚህ ነው።

ቱርቦ ከኖክ ጋር የሚያደርገው ትግል የቆየ ነው። በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የተባለ ቱርቦ መኪና ሲያወጣ ኖክን ለመከላከል ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ የሚረጭ ጋን ገጥሞለት ነበር። ባለቤቶቹ ጋኑን መሙላት ይረሱ ነበር፤ ፈሳሹ ሲያልቅ ደግሞ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ ግፊቱን ይቀንሳል። ብዙም ሳይቆይ ቀረ። ዛሬም ቢሆን ሞልታችሁ የምትከታተሉት ተጨማሪ ነገር የሚፈልግ ማሻሻያ ለዕለት መኪና አልመክርም።

ከፍተኛ ኢታኖል ያለው ነዳጅ ኖክን በጣም ይቋቋማል፣ ጉልበትም ይሰጣል። ነገር ግን 85 በመቶ ኢታኖል ለተመሳሳይ አየር በመጠን 40 በመቶ ገደማ የበለጠ ነዳጅ ይፈልጋል። ይህ ማለት ፓምፕና ኢንጀክተር መቀየር ሊመጣ ነው። በጠባብ በጀት እለፉት።

ደረጃ 6፦ ሪማፕ

እዚህ ነው ገንዘቡ የሚሠራው። ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ የወጣ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ምንም ዕቃ ሳይቀየር በሪማፕ ብቻ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ተጨማሪ ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ይሰጣል። ፋብሪካው ያንን ያስቀረው ለመጥፎ ነዳጅ፣ ለሙቀት፣ ዘይት ለማይቀይር ባለቤት ብሎ ነው። የምትገዙት ያንን መጠባበቂያ ነው። ስለዚህ ሁሉንም አትግዙ።

የሚሠራላችሁን ሰው ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ወሬውን አድምጡ። ይህን ሞተር ስንት ጊዜ ሠርቶታል? ከመጫኑ በፊትና በኋላ መኪናውን ነድቶ ይመዘግባል? የፋብሪካውን ፋይል ያስቀምጥላችኋል? በየትኛው ነዳጅ እንደምትነዱ ጠየቃችሁ? ስለ ጤንነቱ ምንም ሳይጠይቅ «15 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ 50 ፈረስ ጉልበት ዋስትና» የሚል ሰው ከሆነ ቻው በሉት። ዳይኖ ላይ የሚወጣው ቁጥርም ከማሽን ማሽን፣ ከቀን ቀን ይለያያል። ትርጉም የሚኖረው በአንድ ማሽን ላይ በፊትና በኋላ ሲለካ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠይቀውን ጠይቁ፦ «ቶርኩ ከታች ቀስ ብሎ ይምጣ።» አብዛኛው ሪማፕ የሚሸጠው በ2,000 ዙር ላይ በሚሰማ ግፊት ነው፤ ወንበሩ ይገፋችኋል፣ ደስ ይላል። ግን ቢየላ (የፒስተኑን ክንድ) የሚያጎብጠውና ፍሪሲዮን የሚያንሸራትተው ይኸው ከታች የሚመጣ ቶርክ ነው። ተመሳሳይ ቶርክ ወደ 3,000 ዙር ቢገፋ፣ ወይም ጫፉ ትንሽ ቢቆረጥና ከላይ እስከ 6,000 ድረስ ቀጥ ብሎ ቢሄድ፣ ፈረስ ጉልበቱ ያው ነው፤ ሞተሩ ግን በጣም ይድናል። ፈረስ ጉልበት ቶርክ በዙር ሲባዛ የሚመጣ ነውና። በእኔ እይታ በጠባብ በጀት የሚደረግ ትልቁ ውሳኔ ይኼ ነው፤ ዋጋው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ብቻ።

ሪማፕ የማይቻል ከሆነ በሴንሰርና በኮምፒውተር መሀል የሚሰካ ሳጥን አለ። የግፊት ሴንሰሩን ንባብ ቀንሶ ይነግርና ኮምፒውተሩን ያታልላል፤ ኮምፒውተሩም ግፊት ይጨምራል። ነቅሎ ማውጣት ይቻላል፣ የኖክ ሴንሰሩም ሥራውን አያቆምም። ጥሩ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ ግን የታወቀ ዓይነት ይሁን። በእጅ የሚዞር የግፊት መጨመሪያ ቫልቭ ግን ይቅርባችሁ። ግፊቱን ብቻ ከፍ ያደርጋል፣ ነዳጁንና የእሳት ሰዓቱን አያውቅም። ዘመናዊው ኮምፒውተር ያልጠየቀው ግፊት ሲመጣበት ጉልበት ቆርጦ መብራት ያበራል፤ አሮጌው ደግሞ ዝም ብሎ ይቃጠላል።

ደረጃ 7፦ ሙቀትና የጭስ መንገድ

ከሪማፕ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ የሚቀጥለውን የሚነግራችሁ የመዘገባችሁት መረጃ ነው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። 25 ዲግሪ የነበረ አየር 2 እጥፍ ሲጨመቅ ከቱርቦው ሲወጣ ከ110 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ያንን የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለሩ ነው። አንዴ ረግጣችሁ የመግቢያው ሙቀት ብዙም ካልተነሳ የፋብሪካው ይበቃችኋል። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ስትረግጡ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ ከውጭው አየር በ30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከራቀ ግን የተሻለ ኢንተርኩለር ያዋጣል። የሚጨምረው የፈረስ ጉልበት ብዙ ላይሆን ይችላል። ጉልበቱ ግን አሥረኛው ርግጫ ላይም ያው ይሆናል፤ ሞተሩም ይጠበቃል።

ከቱርቦው ቀጥሎ ያለው የጭስ ቱቦ ሲሰፋ ለውጡ እውነተኛ ነው፤ ከቱርቦው ኋላ ያለው ተቃውሞ ሲቀንስ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል። ችግሩ ካታሊስቱ (የጭሱን ብክለት የሚቀንሰው ክፍል) ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ መሆኑ ነው። ካታሊስት ማውለቅ በብዙ አገር ሕገ ወጥ ነው፣ የጭስ ምርመራም ያስወድቃል፣ ሽታውም አያስቀምጥም። ከተቀየረ ካታሊስት ባለው ይቀየር፤ ሪማፑም እንደገና ይስተካከል። ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ማርሚታ ግን በአብዛኛው ድምፅ ነው። ድምፅ ከወደዳችሁ ግዙ፣ ከጉልበት በጀት ላይ ግን አትቁጠሩት።

የአየር ፊልትሮም እንደዚያው ነው። ንጹሕ የፋብሪካ ፊልትሮ በዚህ ደረጃ ላለ መኪና ይበቃል። ክፍት የሆነው ዓይነት ከሞተሩ ክፍል የጋለ አየር ይስባል። «ፒሽሽ» የሚለው ቫልቭስ? ጉልበቱ ዜሮ ነው። ጭራሽ አየሩን ቀድሞ የሚለካ ሞተር ላይ የተለካውን አየር ውጭ ስለሚደፋው ማርሽ በቀየራችሁ ቁጥር ነዳጅ ይበዛበትና መኪናው ያስነጥሳል። የፋብሪካው ቫልቭ አርጅቶ የሚያፈስ ከሆነ በአዲስ ተመሳሳይ ቀይሩት፤ ያ ነው የሚጠቅመው።

ትልቅ ቱርቦ የዚህ በጀት ወሬ አይደለም። እሱ ሲመጣ ኢንጀክተር ይመጣል፣ ፓምፕ ይመጣል፣ ፍሪሲዮን ይመጣል፣ አንዳንዴ ቢየላም ይመጣል።

ደረጃ 8፦ ጉልበቱ መሬት የሚደርስበት መንገድ

ፍሪሲዮን መንሸራተት ሲጀምር ምልክቱ አይደበቅም። በ4ኛ ወይም 5ኛ ማርሽ፣ 3,000 ዙር አካባቢ ሆናችሁ ነዳጅ ስትረግጡ የዙር መቁጠሪያው ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ሸራው አልቋል ወይም አቅሙ አልቻለም። ቶርኩን ዝቅ አስደርጎ ያለውን ፍሪሲዮን ማቆየት አንድ መንገድ ነው። ሌላው መቀየር ነው፤ ሲቀየር ግን ከባዱ ወጪ ለእጅ ሥራ የሚከፈለው ስለሆነ አንዴ ከፈታችሁ ጠንከር ያለውን ግጠሙ። በጣም የከረረው የውድድር ዓይነት ግን ለከተማ መንዳት አይሆንም፤ ትራፊክ ውስጥ እግራችሁን ይጨርሰዋል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ካለ የሚችለውን የቶርክ መጠን ፈልጋችሁ እወቁ፤ ዘይቱንም አስቀይሩ። ሲቪቲ (በማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ) ከሆነ እኔ ብሆን ጥገናውን ጨርሼ እዚያው እቆማለሁ። ቀበቶው ተንሸራትቶ ከበላው በኋላ የሚያወጣው ወጪ ማሻሻያውን ሁሉ ይውጠዋል።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ

ኢንተርኩለር፣ የጭስ ቱቦ፣ የብረት ቱቦዎች ያገለገሉ ቢሆኑ ችግር የለም፤ ያልታጠፉ፣ ያልተሰነጠቁ፣ ውስጣቸው የብረት ፍርፋሪ የሌለባቸው ይሁኑ። ኢንተርኩለሩ ቱርቦው ከተሰበረ መኪና የወጣ ከሆነ አትግዙት፤ ፍርፋሪው በቀጥታ ሞተራችሁ ውስጥ ይገባል። ቱርቦ፣ ኢንጀክተር፣ ፍሪሲዮንና የነዳጅ ፓምፕ ግን ያለ ማረጋገጫ ያገለገለ አይገዛም።

ናፍጣ ከሆነ

ናፍጣ ሞተር በኖክ ገደብ የታሰረ አይደለምና በሪማፕ ብዙ ቶርክ ይሰጣል። ገደቡ ጭስና የጭስ ሙቀት ነው። ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ሪማፕ ነዳጅ እያባከነ ቱርቦውን እያጋለ ነው፤ ጥቀርሻ ማጣሪያ ካለውም ይደፍነዋል። ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ደግሞ ከቤንዚኑ በላይ ያሳስባሉ፤ ቶርኩ ከታች ነዋ የሚመጣው።

ከተሠራ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ደረጃ 3 ላይ የመዘገባችሁትን ሙከራ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ቦታ ድገሙትና ከድሮው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። የመጣው ግፊት ከተጠየቀው ጋር ይሄዳል? የእሳት ሰዓቱ ወደ ኋላ አልበዛም? የነዳጅ ግፊቱ ከላይኛው ዙር ላይ አልወደቀም? አንዱ ከጎደለ መረጃውን ለሠራው ሰው ላኩለት፤ ጥሩ ባለሙያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስተካክለዋል። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የቱቦ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ፣ የዘይቱን ልክ እዩ። በሚቀጥለው የዘይት ለውጥ አንድ ካንዴላ አውልቁ። ነጭ ሴራሚኩ ላይ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቃቅን ጥቁር ወይም የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ከታዩበት ኖክ አለ፤ የአሉሚኒየም ብናኝ ከፒስተኑ እየተነሳ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የፋብሪካውን ፋይል አስመልሱና ያስቀመጣችሁትን ሩብ አውጡ።